ብረት ልብስ ያስፈልገዋል

ብረት ጠንካራ ነው። መሬት ያርሳል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ድንጋይ ይሰብራል። ይህን ጠንካራ ነገር ግን ውሃና አየር ተባብረው ይበሉታል። ይህ መበላት ዝገት ይባላል። ማረሻም፣ ማጭድም፣ ጠመንጃም በዝገት ያልቃሉ። ብረት የሚገዛው በገንዘብ ነው። ገንዘቡም የላባችን ዋጋ ነው። ስለዚህ ዝገት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚከለከል ማወቅ ይጠቅመናል።

ዝገት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዝገትን ከውጭ መጥቶ ብረት ላይ የሚቀመጥ ቆሻሻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚባል ነገር አለ። ሰውም ከብትም በሕይወት የሚኖረው እርሱን ተንፍሶ ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ኦክሲጅን ከብረት ጋር ሲዋሐድ ብረቱ ወደ ቀይ ዱቄት ይለወጣል። ዱቄቱ ሲራገፍ የሚራገፈው ብረቱ ራሱ ነው። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። የእጅ ላብ ጨው አለበት። ስለዚህ ላብ የነካው ብረት ሳይወለወል ቢያድር ቶሎ ይዝጋል።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ለብረት ምቹ አይደለም። አንኮበር ከቆላው በላይ በተራራ ላይ ስላለች ጉም አይለያትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። በውርጭ ውጭ ያደረ ብረት ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ላብ ላብ ይለዋል። ለዝገት ይኸው እርጥበት ይበቃዋል፤ የግድ ዝናብ እስኪመታው አይጠብቅም።

በዚህ አገር ጠመንጃ ከገባ ቆይቷል። በ1833 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ ገጸ በረከት አቅርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ውጅግራውም ምንሽሩም ተከታትሎ ገባ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ታዲያ ከጉሙና ከእርጥበቱ መጠበቅ ነበረበት።

የብረት ልብሶች

ዝገትን ለመከላከል ውሃና አየር ብረቱን እንዳይነኩት መሸፈን ያስፈልጋል። ሽፋኑ የብረቱ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ልብሱም ብዙ ዓይነት ነው።

አንደኛው ዘይት ነው። ዘይትና ውሃ አይስማሙም። ነገር ግን ዘይት በመነካካት ስለሚጠረግ ቶሎ ቶሎ መቀባት አለበት።

ሁለተኛው ዚንክ የሚባል ሌላ ብረት ነው። የቤት ቆርቆሮ የሚያብረቀርቀው በዚንክ ስለተለበጠ ነው። ቆርቆሮው ትንሽ ቢጫርም ዚንኩ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል።

ሦስተኛው በጠመንጃ ላይ የሚታየው ጥቁር መልክ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ቀለም አይደለም። በፋብሪካ በመድኃኒት የተሠራ፣ ስስና ጥቁር የሆነ የዝገት ዓይነት ነው። ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ቀዩን ዝገት ያዘገየዋል። ያም ሆኖ ዘይት ይፈልጋል።

አራተኛው በአየር ግፊት የሚረጭ ቀለም ነው። ቀለሙ እንደ ጉም በኖ ብረቱ ላይ ስስ ሆኖ ያርፋል። በውጭ አገር ለጠመንጃ አካልና ለጥይት ካርታ የሚሆን እጅግ ጠንካራ ዓይነት ተሠርቷል። በውስጡ እንደ ሸክላ የጠነከረ ደቃቅ ነገር አለበት። ከተረጨ በኋላ በልዩ ምድጃ ከፈላ ውሃ በሚበልጥ ሙቀት፣ በ120 ዲግሪ ገደማ፣ ለ2 ሰዓት ያህል ይቆያል። ጀበና በእሳት እንደሚጠነክር ቀለሙም በሙቀት ይጠነክራል።

ዋናው ሥራ ከቀለሙ በፊት ነው

በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደመጠቅለል ነው። ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከሥር እያበጠ ቀለሙን ገፍቶ ያነሣዋል። ቅባት ካለበትም ቀለሙ አይዝም። ውድ ቀለም ገዝቶ ቆሻሻ ብረት ላይ ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው።

ለዶማ፣ ለአካፋና ለበር ብረት ሥራው እንዲህ ነው፦

1. ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ማስለቀቅ።
2. በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ፀሐይ ላይ ማድረቅ።
3. በገበያ አንቲረስት የሚባለውን ፀረ ዝገት ቀለም በስሱ መቀባት።
4. ሲደርቅ ሁለተኛውን ቀለም ደግሞ በስሱ መቀባት። ሁለት ስስ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል።

የማረሻ ጫፍ ግን ቀለም አያስፈልገውም፤ አፈሩ በአንድ ቀን ይፍቀዋል። እርሻው ሲያልቅ ጭቃውን ማራገፍ፣ ማድረቅና ዘይት መቀባት ይበቃዋል።

ስለ ጠመንጃ ጥንቃቄ

ጠመንጃ ከመወልወሉ በፊት ካርታው ይውለቅ። ከዚያም ተከፍቶ ውስጡ በዓይን ይታይ። ካርታው ቢወጣም አንድ ጥይት በውስጡ ሊቀር ይችላል፤ ያ አንድ ጥይት ሰው ይገድላል። ልጆችም ከአጠገቡ ይራቁ።

በአፈሙዙ ውስጥና ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ቀለም አይገባም። ካርታም ቢቀባ ከውጭ ብቻ ነው። ውስጡ ከተቀባ ይጠባል፤ ጥይቱ ይነክሳል፤ ሞላውም መግፋት ያቅተዋል። የካርታው ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በዘይት አይነከርም። ዘይት አቧራ ይሰበስባልና። የጠመንጃ ብረት በቤት እሳት ላይ አይሞቅም፤ ጥንካሬውን ያጣል። የሚረጨው ቀለም መሣሪያና ልዩ ምድጃ ስለሚፈልግ የባለሙያ ሥራ ነው።

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። መሣሪያው የሚታወቀው በላዩ በተቀረጸው ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ አይፋቅ፤ በቀለምም አይደፈን።

ቀለም የሚረጭ ሰው ደጅ ወጥቶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሥራ። የቀለም ጉም ሳንባ ይጎዳል። ቀለምና ቤንዚን ከእሳት ይራቁ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዝገትም ሳይበረታ በአንድ ቁራጭ ጨርቅና በጥቂት ዘይት ይመለሳል። ከበረታ በኋላ ግን የተበላው ብረት አይመለስም።

ለውይይት

1. ዝገት ቆሻሻ ነው ወይስ ብረቱ ራሱ? አስረዱ።
2. በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ለምን ይነሣል?
3. በቤታችሁ ካሉት የብረት ዕቃዎች ቀለም የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ዘይት የሚበቃውስ?