ውድርን ለማወዳደር አስቀድሞ ክፍልፋይ

80 ሚሊ ግራም ከ160 ሚሊ ግራም እንደሚያንስ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በአሜሪካ ገበያ ለዓመታት ጎን ለጎን በተሸጡ ሁለት የፓራሲታሞል ፈሳሾች ላይ ግን ይህ ንጽጽር አሳሳች ነበር። ለጨቅላ ሕፃናት የተዘጋጀው ጠብታ በ0.8 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም፣ ከፍ ላሉ ልጆች የተዘጋጀው ሽሮፕ ደግሞ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዝ ነበር። የሕፃናቱ የቀለለ ይመስላል። በ1 ሚሊ ሊትር ሲሰላ ግን ጠብታው 100፣ ሽሮፑ 32 ሚሊ ግራም ነው። 5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ የታዘዘለት ልጅ በስህተት ያንኑ ያህል ከጠብታው ቢሰጠው በ160 ፈንታ 500 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበትን ይጎዳል።

እንዲህ ያሉ ውድሮችን ማወዳደር የሚያስቸግራቸው ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጎድላቸው ቀድመው ሊይዙት የሚገባው የክፍልፋይ ዕውቀት ነው። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ክፍልፋይ አንድ መጠን መሆኑን መረዳት። ላዕሉ ማለትም የላይኛው ቁጥር እኩል ሲሆን፣ ታህቱ ወይም የታችኛው ቁጥር የበለጠው ክፍልፋይ ያንሳል። 1/8 ከ1/6 ያነሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ አቻ ክፍልፋይ ማውጣት። ላዕሉንና ታህቱን በአንድ ቁጥር ማባዛት መጠኑን አይለውጥም፤ በሁለቱም ላይ እኩል መደመር ግን ይለውጠዋል። በ3 ብርጭቆ ሻይ 2 ማንኪያ ስኳርና በ4 ብርጭቆ 3 ማንኪያ፣ ልዩነታቸው አንድ አንድ ስለሆነ እኩል ይጣፍጣሉ የሚል ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የጋራ ታህት መፈለግ። 2/3 ማለት 8/12፣ 3/4 ማለት 9/12 ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሻይ ይበልጥ ይጣፍጣል።

አራተኛ፣ በአስርዮሽ ቁጥር ማካፈል። ሁለቱንም ቁጥሮች በ10 ስናባዛ 80ን ለ0.8 ማካፈል 800ን ለ8 ማካፈል ይሆናል፤ መልሱ 100 ነው። ይህም ያው የአቻ ክፍልፋይ ሥራ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አምራቾች የሕፃናቱንም ፈሳሽ እንደ ልጆቹ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ለማድረግ ወሰኑ። በሒሳብ ቋንቋ የጋራ ታህት ሰጡት ማለት ነው።

ልጅዎ የውድር ጥያቄ ሲያስቸግረው መጀመሪያ አቻ ክፍልፋይ ማውጣት መቻሉን ይፈትሹ። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይም ሚሊ ግራሙን ከሚሊ ሊትሩ ጋር አብረው ያንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነልዎ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።