በአንድ ዶላር ውል የፈረሙት ዘጠኝ ሴቶች

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ጉዳይ አንድ ቤት ገብቼ ሳለሁ ቴሌቪዥኑ የቴኒስ ውድድር ያሳይ ነበር። የቤቱ እመቤት ቡናቸውን እየቀዱ፣ ራኬት ይዛ የምትሮጠውን ልጅ ትኩር ብለው ተመለከቱና «ለመሆኑ ይህችን ልጅ ከወንዱ እኩል ይከፍሏታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ረጅም ታሪክ ስላለው ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቴኒስ ዓለም ከሁሉም የሚበልጡ አራት ውድድሮች አሉ። እነሱም በአውስትራሊያ፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ (ዊምብልደን የሚባለው) እና በአሜሪካ በየዓመቱ የሚካሄዱት ናቸው። በ1968 ዊምብልደን ለመጀመሪያ ጊዜ የገንዘብ ሽልማት ሲሰጥ የወንዶቹ አሸናፊ ሮድ ሌቨር 2,000 ፓውንድ ተቀበለ። የሴቶቹ አሸናፊ ቢሊ ጂን ኪንግ ግን የተሰጣት 750 ፓውንድ ብቻ ነበር።

በ1970 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ለሚደረግ ውድድር ለወንዱ አሸናፊ 12,500 ዶላር፣ ለሴቷ 1,500 ዶላር ተመደበ። ሴቶቹ አቤት ቢሉም ሰሚ አላገኙም። በዚህ ጊዜ ሰባት አሜሪካውያንና ሁለት አውስትራሊያውያን ተጫዋቾች፣ ግላዲስ ሄልድማን ከምትባል የቴኒስ መጽሔት አሳታሚ ጋር ሆነው በሂዩስተን ከተማ የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። እያንዳንዷም የአንድ ዶላር ውል ፈረመች። በገንዘብ የረዳቸው አንድ የሲጋራ ኩባንያ ነበር።

አንድ ዶላር ስለተባለ ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ቴኒስ ማኅበር ከታላላቅ ውድድሮች እንደሚያግዳቸው አስጠንቅቋቸው ነበር። አንዷ ብቻዋን ብትወጣ ኖሮ እንጀራዋን አጥታ በቀረች ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1972 ቢሊ ጂን ኪንግ የአሜሪካውን ታላቅ ውድድር አሸንፋ 10,000 ዶላር ስትቀበል፣ የወንዶቹ አሸናፊ ኢሊ ናስታሴ 25,000 ወሰደ። እሷም ክፍያው እኩል ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመት እንደማትመጣ በይፋ ተናገረች። በ1973 የጎደለውን ገንዘብ አንድ ኩባንያ ሸፈነና አሸናፊዎቹ ማርጋሬት ኮርትና ጆን ኒውኮምብ እኩል 25,000 ዶላር ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ይሁን እንጂ ሌሎቹ ወዲያው አልተከተሉም። የተቃዋሚዎቹ ዋና ምክንያት፣ በታላላቆቹ ውድድሮች ወንዶቹ እስከ አምስት ዙር ሲጫወቱ ሴቶቹ ከሦስት ዙር አያልፉም የሚል ነው። ነገር ግን ሽልማት እንደ ቀን ሥራ በሰዓት የሚቆጠር አይደለም። በሦስት ዙር ቶሎ የሚያሸንፍ ወንድ አምስት ዙር ከለፋው ያነሰ አይከፈለውም። ተመልካቹም ቲኬት የሚገዛው ጥሩ ጨዋታ ለማየት እንጂ ሰዓት ለመቁጠር አይደለም።

በ2006 እንኳ በዊምብልደን ሮጀር ፌደረር 655,000 ፓውንድ ሲያገኝ አሜሊ ሞሬስሞ ያገኘችው 625,000 ነበር። ለነዚያ ሀብታሞች 30,000 ፓውንድ ትልቅ ነገር ላይሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ግን «አንቺ ታንሻለሽ» የሚል መልእክት ነበረው። በዚያው ዓመት ቪነስ ዊልያምስ ይህንኑ በለንደን ጋዜጣ ጽፋ ተሟገተች። በ2007 ዊምብልደን ክፍያውን እኩል ሲያደርግ፣ ቪነስ ራሷ አሸንፋ ልክ እንደ ፌደረር 700,000 ፓውንድ ወሰደች። አውስትራሊያ በ2001፣ ፈረንሳይም በዚሁ በ2007 ሙሉ በሙሉ እኩል አድርገዋል።

እንግዲህ ለእኒያ እናት የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው፦ በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አዎን፣ እኩል ነው። ከእነሱ ውጭ ባሉ ብዙ ውድድሮች ግን ገና ነው። የሴቶቹ ማኅበር በ2023 ባወጣው ዕቅድ፣ ከፍ ባሉት ውድድሮቹ ክፍያውን ደረጃ በደረጃ እስከ 2033 እኩል ለማድረግ አስቧል።

እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ መጀመሪያ የፈረሙት ዘጠኙ ይህን ሁሉ ገንዘብ አገኙት?» አሉኝ። አብዛኞቹ አላገኙትም። ያገኙት ከእነሱ በኋላ የመጡት ልጆች ናቸው። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ በሰፈራችሁ ማትናስ ለወንዶቹ የተሰጠው የስፖርት ሰዓት ለሴቶቹም ተሰጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ብቻችሁን ከመሄድ ደግሞ ከጎረቤት እናቶች ጋር ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል።