ከፈን፦ የቃሉ ትርጉምና አገባቡ



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ነገር ግን ትርጉሙን ቆም ብለን የማናስበውን አንድ ቃል እናነሳለን። ቃሉ «ከፈን» ነው።

በዐረብኛ የቃሉ መሠረት መሸፈን ማለት ነው። የጥንት ዐረቦች ለሙት ልብስ ብቻ አልተጠቀሙበትም። ቂጣ በረመጥ ውስጥ ቀብረው ሲያበስሉም «ከፈነ» ይሉ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍናሉ። የተዳፈነ እሳት የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ጠዋት ይገለጣል። የተከፈነ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የቂያማ ቀን ይቀሰቀሳል።

በከፈን ውስጥ ያሉት ጨርቆች የየራሳቸው ስም አላቸው። «ኢዛር» በቁማችን እንደ ሽርጥ የምናገለድመው ነው። «ሊፋፋ» መጠቅለል ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሟቹ ከራሱ እስከ እግሩ የሚጠቀለልበት ነው። ለሴት «ኺማር»፣ ማለትም የራስ መሸፈኛ ይጨመራል። ሱንናው ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ጨርቅ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ከወንዱ ሦስት ጨርቆች አንዱ ቀሚስ ነው፤ በሻፊዒይ ሦስቱም ሊፋፋ ናቸው። ሁለቱም መንገድ ነውና ጀናዛ አስቀምጦ በዚህ መከራከር አይገባም። ሌላ ከጠፋ ደግሞ አንድ የሚሸፍን ጨርቅ ይበቃል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ እዚሁ በሮቢት አካባቢ ለጀናዛ ተጠርቼ ሄድኩ። ሟቹ ድሀ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው «አባቱን በአቡጀዲ ቀበረ እንዳልባል» ብሎ ከቆቦ ውድ ጨርቅ በዱቤ አምጥቷል፤ የሚከፍለው ማሽላው ሲደርስ ነው። አባትየው ግን በሕይወት ሳሉ የተበደሩት ነበር፤ እሱን ያነሳ አልነበረም። ልጁን አልነቅፈውም፤ ፍቅር ነው ያደረገው። ነገር ግን ከፈን ጌጥ አይደለም፤ መሸፈኛ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድሙን የሚከፍን ሰው ከፈኑን እንዲያሳምር አዘዋል። ዑለማዎች ይህን ንጹሕ፣ ነጭና በደንብ የሚሸፍን ይሁን ብለው አብራርተውታል፤ ውድ ይሁን አላሉም። እሳቸው ራሳቸው የተከፈኑት ቀሚስና ጥምጣም በሌለበት፣ ከየመን በመጡ ሦስት ነጭ የጥጥ ጨርቆች ነው። አቡበክር (ረ.ዐ.) ሊሞቱ ሲሉ የለበሱት ልብስ ታጥቦ፣ ሁለት ተጨምሮበት እንዲከፈኑበት አዘዙ፤ አዲስ ልብስ ከሙት ይልቅ ለሕያው ይገባል ብለው ነበር። ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ.) በመካ በአለባበሳቸው የታወቁ ወጣት ነበሩ። በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ በኡሑድ ሸሂድ ሲሆኑ ግን የተገኘላቸው አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። ራሳቸው ሲሸፈን እግራቸው ይገለጣል፤ እግራቸው ሲሸፈን ራሳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በጨርቁ፣ እግራቸው ኢዝኺር በሚባል ሣር እንዲሸፈን አዘዙ።

በሸሪዓ የሟች ገንዘብ የሚወጣው በቅደም ተከተል ነው፦ በመጀመሪያ ለከፈንና ለቀብር፣ ቀጥሎ ለዕዳው፣ ከዚያ እስከ ሲሶ ለኑዛዜው፣ በመጨረሻ ለወራሾቹ። ከፈን ይቅደም እንጂ በእሱ ላይ የሚጨመር ትርፍ ወጪ ከአበዳሪውና ከየቲሙ ድርሻ የሚቀነስ መሆኑን እናስተውል። ሟቹ ምንም ካልተወ ቀለቡ ግዴታ የነበረበት ዘመድ ይከፍነዋል፤ እሱም ከሌለ ሙስሊሙ ሁሉ ኃላፊነት አለበት። እኛ ወሎዎች ደግሞ አላህ ቅሬን ሰጥቶናል። እያንዳንዱ ቅሬ ነጭ አቡጀዲ በጣቃ ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ ሀብታሙም ድሀውም በአንድ ዓይነት ጨርቅ ቢከፈን፣ ሐዘንተኛው በሐዘኑ ላይ ዱቤ አይጨመርበትም፤ «እንዲህ ተባልኩ» የሚለውም ይቀራል።

በመጨረሻም፣ መሸፈን በጨርቅ ብቻ አይደለም። ሟቹን የሚያጥብ ሰው ያየውን ገመና ይሸፍን፤ ለቀስተኛው ክፉውን አያንሳበት፤ ልጆቹም ዕዳውን ይክፈሉለት። ይህ ከየትኛውም ውድ ጨርቅ የበለጠ ከፈን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በዱንያም በአኺራም ገመናችንን ይሸፍንልን፤ ሙቶቻችንን ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።