በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞችና የሕዝባቸው ቍጥር

ከአዲስ አበባ የሚወጡት ታላላቅ ጎዳናዎች አምስት ናቸው፤ እነርሱም የጅማ፥ የአምቦ፥ የጎጃም፥ የደሴና የአዳማ ጎዳናዎች ናቸው። በየጎዳናው ላይ መንገደኛው ዋናዪቱን ከተማ ለቅቆ ብዙ ሳይሄድ ሌላ ከተማ ያገኛል። በጅማ ጎዳና ሰበታ፥ በአምቦ ጎዳና መጀመሪያ ቡራዩ ቀጥሎም ሆለታ፥ በጎጃም ጎዳና ሱሉልታ፥ በደሴ ጎዳና ለገጣፎና ሰንዳፋ፥ በአዳማ ጎዳና ገላን፥ ዱከምና ቢሾፍቱ አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመልከት አእምሮን ያደክማልና፥ ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹን ብቻ መርጠን ሕዝባቸውን ከሕዝብ እናስተያያለን።

የአንድን ከተማ ሕዝብ በግምት መናገር ቀላል ነው። በገበያ ቀን የመጣ ሰው ሕዝቡ እልፍ ነው ይላል፤ በዝናም ቀን የመጣው ደግሞ ከተማው ባዶ ነው ይላል። እውነተኛው ቍጥር የሚታወቀው ግን ቈጣሪው ቤት ለቤት እየዞረ፥ በየቤቱ የሚኖረውን ሰው ወንዱን ከሴቱ፥ ሕፃኑን ከሽማግሌው ለይቶ ሲጽፍ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ በግንቦት 1976፥ ሁለተኛው በጥቅምት 1987፥ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ተደረገ። እኛም የምናመዛዝነው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው፤ በመካከላቸው ያለው ዘመን አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው።

በ1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2,112,737 ሰው ተቈጠረ፤ በ1999 ዓ.ም. 2,739,551 ሆነ። በቢሾፍቱ 73,372 የነበረው 99,928 ሆነ። በሆለታ 16,785 የነበረው 25,593 ሆነ። በሰበታ 14,100 የነበረው 49,331 ሆነ።

እንግዲህ ከእነዚህ ከተሞች ፈጥኖ ያደገው የትኛው ነው? የተጨመረውን ሰው ብዛት ብቻ የሚመለከት ሰው አዲስ አበባ ናት ብሎ ይመልሳል፤ እርስዋ 626,814 ሰው ስትጨምር ሰበታ የጨመረችው 35,231 ብቻ ነውና። ይህ መልስ ግን ሰውን ያሳስታል። መቶ በግ ያለው ሰው ሠላሳ ቢጨምር በረቱን ጥቂት ያሰፋል እንጂ አይጨነቅም፤ አራት በግ ያለው ሰው ግን አሥር ቢጨምር አሮጌው በረት ከቶ አይበቃውም፥ ሌላ መሥራት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ከተማን ከከተማ ስናስተያይ፥ ቀድሞ በነበረው በመቶው ሰው ላይ ስንት ሰው ተጨመረ ብለን መጠየቅ ይገባናል። እንዲህ ስንጠይቅ አዲስ አበባ በመቶው ላይ 30፥ ቢሾፍቱ 36፥ ሆለታ 52 ያህል ጨምረዋል። ሰበታ ግን በመቶው ላይ 250 ያህል ጨምራለች፤ ይኸውም ሦስት እጥፍ ተኩል ሆነች ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. 50 ልጆች የሚማሩባት አንዲት ክፍል ብትኖርና ልጆቹ እንደ ከተማዋ ሕዝብ ቢበዙ፥ በ1999 ዓ.ም. በደጃፏ 175 ልጆች ይቆማሉ። ውኃውም፥ ሐኪም ቤቱም፥ ወፍጮውም እንዲሁ ነው።

በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ሕዝብ በመውለድ ብቻ ሦስት እጥፍ ተኩል አይሆንም፤ ከሌላ ስፍራ የመጣ ሰው አለ ማለት ነው። ሰበታ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ስለ ሆነች፥ ፋብሪካዎች በዙባት፤ የፋብሪካ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ከገጠር፥ የቤት ኪራይ የከበደበትም ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እርስዋ መጣ። ቢሾፍቱ ግን ቀድማ የበለጸገች ከተማ ናት፤ የምድር ባቡር አልፎባታል፥ የአየር ኃይል ሰፈር ሆናለች፥ ሐይቆችዋም እንግዳ ይስባሉ። ሆለታም ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በጦር ትምህርት ቤትዋ፥ በኋላም በእርሻ ምርምር ጣቢያዋ ታውቃለች። ቀድሞ የተደላደለ ከተማ በዝግታ ሲያድግ፥ ትንሹ ከተማ በድንገት ሊያብጥ ይችላል።

አሁን ደግሞ ወንዱን ከሴቱ እንለይ። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 1,305,387 ወንዶችና 1,434,164 ሴቶች ነበሩ፤ ይህም ለመቶ ሴት 91 ወንድ ማለት ነው። በቢሾፍቱ 47,860 ወንዶችና 52,068 ሴቶች ተቈጠሩ፥ ለመቶ ሴት 92 ወንድ ያህል ይደርሳል። በሰበታ ግን 24,356 ወንዶችና 24,975 ሴቶች፥ በቡራዩም 24,377 ወንዶችና 24,499 ሴቶች ስለ ተገኙ በነዚህ ሁለት ከተሞች ወንዱና ሴቱ እኩል ለመሆን ጥቂት ቀርቷቸዋል። በትልቁ ከተማ ሴቱ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ከገጠር ብዙ ልጃገረዶች በሰው ቤት ሊሠሩ ስለሚገቡ ነው። ወደ ዙሪያው ከተማ ግን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው፥ የፋብሪካና የግንብ ሠራተኞችም ተከትለው ይሄዳሉ፤ የወንዱና የሴቱ ቍጥር የተቀራረበውም በዚህ ይመስላል። እንዲህ ያለው ቍጥር በሰንጠረዥ ላይ ደረቅ ሁኖ ይታያል፤ ነገር ግን ከእናንተ መንደር ወጥታ የሄደችው ልጅም በውስጡ አለች።

የአዲስ አበባ ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1999 ዓ.ም. የነበረው ሕዝብ በዚህ ቢከፈል በአንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 5,200 ሰው ያህል ይደርሳል። ሕዝቡ ሲጠብበው ወደ ዳር ይገፋል፤ በዳር ያለው ደግሞ ባዶ መሬት አይደለም፥ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት የገበሬ ርስት ነው እንጂ። ሰበታ ያተረፈችው ሰው ሁሉ ቤቱን የሠራው ትናንት በታረሰ ማሳ ላይ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ነገሩም ቀላል አልነበረም፤ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት ለማስፋፋት የታሰበው ፕላን በ2006 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ ገበሬዎችና ተማሪዎች ተቃወሙት፥ በተከተለውም ሁከት ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

ውኃውም ከመሬቱ ጋራ የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ብዙው የሚመጣው ከራስዋ ክልል ውጭ ነው፤ የገፈርሳ ግድብ በቡራዩ አጠገብ፥ የለገዳዲም ግድብ በደሴ ጎዳና በኩል ይገኛሉ። እንግዲህ በግድቡ አጠገብ ያለው ከተማ ሲበዛ፥ ከዋናዪቱ ከተማ ጋራ በአንድ ማድጋ እንደሚጠጡ ጎረቤቶች ይሆናሉ። የአንዱን ሕዝብ ሳይቈጥሩ ለሌላው ውኃ መደልደል አይቻልም።

ቍጥርን ከቍጥር የሚያመዛዝን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ወሰኑን ይጠይቅ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፥ ቡራዩ፥ ሱሉልታ፥ ለገጣፎ ለገዳዲ፥ ገላንና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ፤ ቢሾፍቱ ግን ለብቻዋ ቀረች። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን የሸገርን ሕዝብ ቍጥር ከ1999ኙ የሰበታ ቍጥር ጋራ የሚያስተያይ ሰው፥ አንድን በግ ከመንጋ ጋራ እንደሚመዝን ይሆናል። ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ስለነዚህ ከተሞች የሚነገሩት ብዙዎቹ ቍጥሮችም በግምት የተሰሉ ናቸው እንጂ ከቤት ወደ ቤት የተጻፉ አይደሉም። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ቈጠራ እንዲደረግ ያዝዛል፤ ሆኖም አራተኛው ቈጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ሳለ ተላለፈ፥ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላለፈ። ቡራዩን ዛሬ ሄዶ የሚያይ ሰው የ1999ኙ 48,876 በእጅጉ እንደ ተበለጠ ከቤቱ ብዛት ያውቃል፤ በስንት እንደ ተበለጠ የሚነግረው ግን በየደጁ ቆሞ ስም የሚጽፍ ቈጣሪ ብቻ ነው።