ጨረሩ እየሠራ ነው? ቀድሞ የሚጠቁመው ኤምአርአይ

ግሊዮብላስቶማ አዋቂዎችን ከሚይዙት የአንጎል ካንሰሮች ክፉው ነው። በቀዶ ሕክምና መውጣት የሚችለው ከወጣ በኋላ፣ በሽተኛው ቴሞዞሎማይድ የተባለ እንክብል እየወሰደ አብዛኛውን ጊዜ 60 ግሬይ ጨረር ይሰጠዋል፤ 30 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ስድስት ሳምንት። ውጤቱ የሚታየው ግን ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ «አልሠራም» ቢባል ጊዜውም ጨረሩም አይመለስም።

ቆይቶ የሚነሣው የኤምአርአይ ምስልም ቢሆን ያሳስታል። ምስሉን ለማጉላት በክንድ የሚወጋው ጋዶሊኒየም የአንጎል ደም ሥሮች በተጎዱበት ቦታ ሾልኮ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጨረርም ራሱ ደም ሥር ስለሚጎዳ፣ ዕጢው እየሞተ ነጩ ሊሰፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ራኖ የተባለ መመዘኛ፣ ጨረሩ ካበቃ በኋላ ባሉት 12 ሳምንታት ጨረር ባረፈበት ቦታ የታየ መስፋፋት ብቻውን «ካንሰሩ ብሷል» ለማለት አይበቃም ያለው ለዚህ ነው።

ዲፊውዥን የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት የዕጢውን መጠን ትቶ በውስጡ ያለውን ውሃ ይከተላል። የውሃ ሞለኪውል አርፎ አያውቅም፤ ሴሎች በተጨናነቁበት ግን በገበያ ቀን ግርግር ውስጥ እንደገባ ሰው መላወሻ ያጣል። ጨረሩ ሴሎቹን ሲያፈርስ መንገዱ ይከፈትለታል። መሣሪያው በመግነጢሱ ላይ ሁለት አጫጭር ግፊቶች ይጨምራል፤ የመጀመሪያው በሞለኪውሎቹ ላይ ምልክት ያኖራል፣ ሁለተኛው ካሉበት ያልተነቃነቁትን ምልክት ይሰርዛል። የተንቀሳቀሱት ሲበዙ ሲግናሉ ይደክማል። መርፌም ጨረርም የለበትም፤ ደቂቃዎች ይበቁታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 የአንጎል ዕጢ ሕሙማንን ከሕክምናው በፊትና ሕክምናው ከተጀመረ ሦስት ሳምንት ሲሆነው በዚህ ኤምአርአይ አነሡ። ብልሃቱ አማካይ አለማውጣታቸው ነው፤ ዕጢው በአንድ ጎኑ እየሞተ በሌላው ቢወፍር አማካዩ ምንም እንዳልተለወጠ ያስመስላልና። ሁለቱን ምስሎች ደራርበው ነጥብ በነጥብ አነጻጸሩ፤ የውሃው እንቅስቃሴ የጨመረበት ቀይ፣ የቀነሰበት ሰማያዊ፣ ያልተለወጠው አረንጓዴ። ቀለሙ የሰጠው ፍንጭ ከወራት በኋላ በመጠን ለውጥ ከሚታየው ውጤት ጋር ገጠመ።

ያም ሆኖ በእኔ ግምት ይህ ምስል ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። የአንጎል እብጠትም የውሃውን እንቅስቃሴ ይጨምራል፤ እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ይለውጠዋል፤ ልኬቱም ከማሽን ማሽን ይለያያል። ስለዚህ የጨረር ሕክምና የጀመረ ዘመድ ያላችሁ፣ ከሕክምናው በፊት የተነሣውን ምስል የያዘውን ሲዲ አትጣሉ፤ ቀጣዩም ከተቻለ በዚያው ማሽን እንዲነሣ ሐኪሙን ጠይቁ።