ሁለት ዙርና አንድ ሰሃን ጨጨብሳ

በ1985 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካመጣች ዓመት አልሞላም። እኔም በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ሜዳውን ሁለት ዙር ልሮጥ ተመዘገብኩ። ከዚያ በፊት የሮጥኩት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብቻ ነው!

እማዬ «በባዶ ሆድሽ ሮጠሽ ልትወድቂ?» ብላ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ አስበላችኝ። የወንድሜን ቁምጣ ለበስኩ። ፊሽካው ሲነፋ ተፈተለክሁ። አቤት ጭብጨባው! የምወደው ልጅ አጥር ላይ ሆኖ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት። ሁለተኛው ዙር ላይ ጎኔን ወጋኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ጨጨብሳውማ... ይቅር። ሁሉም አለፉኝ። ሳቁ ተጀመረ፤ የሱም ሳቅ አለበት። በበሩ ላመልጥ ስል የስፖርት አስተማሪያችን «ጨርሺ እንጂ!» አሉኝ። እያለቀስኩ ጨረስኩ።

ደራርቱ እኮ በ25ቱ ዙር ሩጫ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤለና ሜየር ስታፈተልክ ከኋላዋ ተከትላ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ነው ጥላት የሄደችው። እኔ ከቴሌቪዥን የያዝኩት ማለፏን ብቻ ነበር። እናም እህቶቼ፣ ቀለል ያለ ነገር ከሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ብሉ፤ የመጀመሪያውን ዙር ያዝ አድርጉት። አጥር ላይ ለተቀመጠ ልጅ ብላችሁ አትፍጠኑ!

ልጁ? ሰኞ ደብተር ሊዋሰኝ መጣ። አልሰጠሁትም።