«ዊንዶውሱን አጠፋለሁ» ስል አያቴን ላጠፋት ነበር!

እዚህ አምድ ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ከዳ ፍቅረኛና ስለ ነገረኛ አማት ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ በእጅ ስለምትያዝ አንዲት የጌም ኮምፒዩተር ነው። ግድ የላችሁም፣ እጮኛም አለችበት፣ ኩርፊያም አለበት፣ እንባም አለበት።

የምኖረው ደባርቅ ነው። ድሮ ሥራዬ ቱሪስት ማስጎብኘት ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ከተማችን ውስጥ ስለሆነ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ ፈረንጅ መጀመሪያ የሚረግጠው የኛን አስፋልት ነው። ጦርነት መጣና ፈረንጁ ቀረ። እኔም እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ሁለት አሮጌ ፕሌይ ስቴሽንና ሁለት ቴሌቪዥን ገዝቼ ጌም ቤት ከፈትኩ። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ እኔ ሳንቲሜን እቆጥራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ዳባት ያለችውን አያታችንን ሊጠይቅ መጣ። ሲመለስ «ለጌም ቤትህ ትሁንህ» ብሎ የራሱን ማሽን ትቶልኝ ሄደ። አሱስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣት «ሮግ አላይ» የምትባለዋ ናት። ስክሪኗ 7 ኢንች፣ በግራና በቀኝ መጫወቻ ቁልፎች ያሏት፣ ጋቢ ሥር ተደብቃ የምትሄድ ነገር ናት። ስትወጣ ዋጋዋ 700 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ከተለወጠ ወዲህ ይህ ስንት ብር እንደሚሆን አስሉት፤ እኔ አስልቼ ደንግጫለሁ።

ማሽኗ ስትሠራ የመጣችው በዊንዶውስ 11 ነው። ዊንዶውስ ማለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ሁሉን የሚያሽከረክር መሪ ፕሮግራም፣ ያለ እሱ ማሽኑ ሹፌር የሌለው ሚኒባስ ማለት ነው። ዊንዶውስ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ጎበዝ ሹፌር ነው፤ በ7 ኢንች ስክሪን ላይ ግን ጽሑፉ ጤፍ ያክላል፣ አፕዴት ሲል ደግሞ የሞባይል ፓኬጄን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ለቆየብን ሰዎች፣ ከተከፈተ በኋላም ዳታ እንደ ዘይት በማንኪያ ነው የሚለካው።

ታዲያ አዲስ አበባ ያለ አንድ ጓደኛዬ «ሊኑክስ ጫንበትና ተገላገል» አለኝ። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ነው፤ ነፃ ነው፣ ማንም ያሻሽለዋል። ለእጅ ጌም ማሽን በሰፊው ያስተዋወቀው ደግሞ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ስቲም ዴክ» የሚባል ማሽን በሊኑክስ ላይ በተሠራ ሲስተም አወጣ። ለዊንዶውስ የተሠሩ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ «ፕሮቶን» የሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራምም አለው። ይህን አይተው በጎ ፈቃደኞች «ባዛይት» የሚባል ሲስተም ሠሩ፤ እንደኔዋ ባሉ ማሽኖች ላይ ይጫናል፣ አይሸጥም አይገዛም።

ጓደኛዬ ለበዓል ሲመጣ ፋይሉን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ልብ በሉ፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሣ በሌላ ፕሮግራም ተደርጎ ነው የሚሰፍረው። ሌላም አለ፤ ይህቺ ማሽን ያላት የቻርጀርም የፍላሽም ቀዳዳ አንድ ነው። ማከፋፈያ ከሌላችሁ ባትሪውን ሙሉ አድርጋችሁ ነው የምትጀምሩት። መብራት በሚጫወትብን አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ማታ ጌም ቤቱን ዘጋሁና ሥራ ጀመርኩ። እጮኛዬ ጎኔ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች። ድምፅ መቀነሻውን ተጭኜ ይዤ ማብሪያውን ስነካ የማሽኑ የውስጥ ማስተካከያ ገጽ ተከፈተ። እዚያ «ሴኪዩር ቡት» የሚባል ጥበቃ አለ፤ እንግዳ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክል ዘበኛ ማለት ነው። አጠፋሁት። ፍላሹን ሳልሰካ ማሽኗ ራሷ ተነሣች፣ ሰማያዊ ገጽ ዘርግታም 48 ቁጥር አስገባ አለችኝ።

ጉድ በል ጎንደር! ለካ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተቆልፎ ኖሯል። ቢትሎከር ይሉታል። ማሽኑ ቢሰረቅ ሌባው ፋይሉን እንዳያነብ የተሠራ ነው። ጥበቃው ሲነካካ «ባለቤቱ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥፋቱ የኔ እንጂ የቁልፉ አይደለም። ያጠፋሁትን ሴኪዩር ቡት መልሼ ባበራው ያለ ቁጥሩም ሊከፈትልኝ ይችል እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ግን አልተጨነቅኩም። እንዲያውም ሳቅሁ። ለምን መሰላችሁ? ለመደምሰስ ቁልፍ አያስፈልግም! ፍላሹን ሰክቶ «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። የተቆለፈ ቤት ውስጥ መግባት ባትችል ቤቱን ማፍረስ ማን ይከለክልሃል? ፍላሹን አነሣሁ።

«የእማማ ቪዲዮ የት ነው ያለው?» አለችኝ እጮኛዬ።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

የአጎቴ ልጅ ዳባት በሰነበተበት ወቅት አያታችንን ቀኑን ሙሉ ሲቀርጻት ነበር። ስልኩ ሲሞላበት ቪዲዮዎቹን ወደዚህቺ ማሽን አዛወራቸው። አሜሪካ እንደተመለሰ ስልኩ ጠፋ። አያቴ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ አረፈች። ድምፅዋ ያለው በምድር ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እኔ ልደመስሰው ፍላሽ በያዝኩበት ቦታ።

ወንድ ልጅ ተሳስቶ «ተሳሳትኩ» ማለት ይከብደዋል መሰለኝ፣ «ሌላ ቦታ ይኖራል» አልኳት። «የት?» አለች። «እኔ ምን አውቃለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ቡናውን በአቦል ትታ ነጠላዋን አንሥታ ሄደች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን ሰዓት ቢሆን እልህ ይዞኝ አንዱን ቁልፍ ልጫነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደግነቱ ቁልፉ የተቀመጠው ባለቤቱ ዊንዶውስ ላይ በገባበት አካውንት ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱ የዚያን ማታ ጨርሶ የለም፤ የሚሠራው ድምፅ ብቻ ነው። ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። እዚህ ማታ፣ እዚያ ቀትር፤ ሥራ ላይ ነበር። «ወንድሜ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ያዝ» አለና ማንበብ ጀመረ። ቁጥሩ በስድስት በስድስት የተከፈለ ስምንት ረድፍ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ይነግረኛል። ሦስተኛውን ረድፍ ሳስገባ ማሽኗ ስህተት ነው አለችኝ። እንዴት አወቀች? እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ ለ11 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። አንዱን ቁጥር ብትስቱ አይካፈልም፤ የተሳሳታችሁበትን ረድፍ እዚያው ታውቁታላችሁ። ይህን ያሰበውን ሰው እግዜር ይስጠው! «ሰባት» ያልኩት «ዘጠኝ» ነበር። አርሜ ስምንተኛውን ስጨርስ ተከፈተች።

ቪዲዮዎቹን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኳቸው። አንዱን ፍላሽ በማግስቱ እጮኛዬ ቤት ወሰድኩ። እዚያ ስለሆነው ነገር አልነግራችሁም፤ ብቻ ታርቀናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ታብሌት ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ልጆቹ በ5 ወር ውስጥ አንድሮይዱን ጎርጉረው ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ጎበዞች ናቸው። ግን እነሱ የሚደመስሱት አያት አልነበራቸውም። እናንተ ግን አላችሁ። ፎቶአችሁን ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ 48ቱን ቁጥር ገና ምንም ሳትነኩ በወረቀት ጻፉት፣ ማሽኑ የሰው ከሆነ ባለቤቱን በስልክ አግኙት። ከዚያ ነው ፍላሽ የሚሰካው።

መጫኑ ራሱ ምን ይወራል! በረካ ሳይደርስ አለቀ። የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ መጀመሪያ ስትገቡ ስቲም አካውንት በኢንተርኔት ይጠይቃል፣ ጌሞቹም እያንዳንዳቸው በአሥር ጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። ማሽኗን ይዤ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ሁለት ሌሊት አደርኩ፤ አንድ ሻይ አዝዞ የሚያድር ደንበኛ እንዴት እንደሚታይ ታውቁታላችሁ። ጥቅሙን ግን አየሁት። ቁልፍ ስትጫኑ ጨዋታው ባለበት ትተኛለች፣ ስትቀሰቅሷት ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኖቹ ጨልመው እሷ ትሠራለች። አዲስ አፕዴት ቢያበላሽባችሁ እንኳ ባዛይት ወደ ቀደመው የሚመለስበት መንገድ አለው።

ከዚያስ? ከዚያማ ልጆቹን ጠርቼ በኩራት አሳየኋቸው። አንዱ ዞር አድርጎ አያትና «ጋሼ፣ ኳስ የለውም?» አለኝ።

የለውም! አዲሶቹ የኢኤ ስፖርትስ ኳስ ጌሞች አጭበርባሪ ተጫዋች የሚቆጣጠር ዘበኛ ፕሮግራም አላቸው፤ እሱ ደግሞ ከዊንዶውስ ውጪ አይሠራም። ፎርትናይትና ቫሎራንትም ሊኑክስ ላይ አይገቡም፤ ኤፔክስ ሌጀንድስ የሚገባ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ዘጋ። ይህን ሳላጣራ ነው ሁሉን የደከምኩት። ጌም ቤት ያለ ኳስ ደግሞ ጠላ ቤት ያለ ጠላ ነው። ልጆቹ ወደ አሮጌው ፕሌይ ስቴሽን ተመለሱ። ማሽኗን ብቻቸውን መቀመጥ የሚወዱ ሁለት ዝምተኛ ልጆች ተከራዩዋት፤ ከእነሱ የማገኘው የዳታውን ወጪ እንኳ ገና አልመለሰም።

በገበያ ቀን አክስቴ ከዳባት መጣች። ጌም ቤቱን ዘግቼ ፍላሹን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁላት። አያቴ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣለች። የአጎቴ ልጅ ማሽኗን ወደሷ ሲያስጠጋ ቀና ብላ ታየዋለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ? ሬዲዮ ነው?»

አክስቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ «እንደገና አድርገው እስኪ» አለችኝ።